ሀናዋ ሆኪኢቺ፤ መጻሕፍትን ከጥፋት ያዳነ ዓይነ ስውር ሊቅ

መጽሐፍ የደረሰ ሰው ስሙ ከመጽሐፉ ጋራ ይኖራል። ሌላው የደረሰውን መጽሐፍ ፈልጎ፤ ከብልና ከእሳት አድኖ፤ የተሳሳተውን አቃንቶ ለትውልድ ያስተላለፈ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ባይኖር የፊተኛው ድካም ከንቱ በሆነ ነበር። በጃፓን አገር እንደዚህ ካሉት መጻሕፍት ጠባቂዎች መካከል እጅግ የታወቀው ሀናዋ ሆኪኢቺ የሚባለው ሊቅ ነው። ይህም ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኖቹ የማያዩ ነበሩ፤ ሆኖም አንዲት ገጽ በዓይኑ ሳያነብ ከአንድ ሺሕ ሁለት መቶ የሚበልጡ የአገሩን መጻሕፍት ሰብስቦ አሳተመ። ሥራው እንዴት እንደ ተፈጸመ፤ በልጁም ላይ ምን መከራ እንደ ደረሰ፤ መጻሕፍቱ ከዚያ ሁሉ እንዴት እንደ ተረፉ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። የዓመቱ ቍጥር በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የጃፓን ሰዎች ጽሕፈትን ከቻይና ተቀብለው በስምንተኛው መቶ ዓመት የአገራቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ይጽፉ ጀመር። ኮጂኪ የተባለው መጽሐፍ በ712፤ ኒሆን ሾኪ የተባለውም በ720 ተፈጸመ። ከዚህም በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሌሎች አምስት የታሪክ መጻሕፍት ተከታትለው ተጻፉ። ከኒሆን ሾኪ ጋራ ስድስት የሆኑት እነዚህ መጻሕፍት የሚናገሩት ታሪክ እስከ 887 ድረስ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ በመንግሥት ትእዛዝ የሚጻፈው ታሪክ ስለ ተቋረጠ፤ የኋለኛውን ዘመን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው የመሳፍንትን የዕለት መዝገብ፤ የመንገደኞችን ማስታወሻ፤ የቤተ መቅደስን ጽሑፍ፤ የጦርነትን ትረካ፤ የትውልድን ቍጥር አንድ በአንድ እየለቀመ መፈለግ ነበረበት።

እነዚህ ጽሑፎች ግን በየጊዜው ይጠፉ ነበር። በጃፓን አገር ቤቱ የሚሠራው ከእንጨት፤ መስኮቱና መዝጊያውም ከወረቀት ስለ ሆነ፤ እሳት አንድ ጊዜ ከተነሣ ከተማውን ሁሉ ይበላል። ከ1467 እስከ 1477 በተደረገው የኦኒን ጦርነት የነገሥታቱ ከተማ ኪዮቶ ተቃጥላ ቤተ መጻሕፍቷ ከእርስዋ ጋራ ነደደ። በ1657 ደግሞ ዛሬ ቶክዮ የምትባለው የኤዶ ከተማ እጅግ የበዛው ክፍል በእሳት ጠፋ። ትልልቆቹ መጻሕፍት በብዙ እጅ ስለ ተገለበጡ አንዱ ቅጂ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ትንንሾቹ ግን፤ አንድ ወይም ሁለት ጥቅል ብቻ የሆኑት፤ በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ያ ቤት ሲቃጠል ለዘላለም ይጠፋሉ። ሀናዋ የተነሣው እነዚህን ትንንሾቹን ለማዳን ነው።

ይህ ሊቅ በ1746 ሙሳሺ በሚባለው አገር ሆኪኖ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ በሳይታማ ግዛት ውስጥ ናት። የሕፃንነት ስሙ ቶራኖሱኬ ነበረ። ታሞ ዓይኖቹ እየደከሙ ሄዱና ጃፓኖች ሲቈጥሩ በሰባት ዓመቱ ብርሃኑ ፈጽሞ ጠፋ። በ1757 እናቱ ሞተችበት። ሕፃኑ ግን የሰማውን ነገር የማይረሳ ነበረ። በዚያን ጊዜ በኤዶ አንድ ሰው ታይሄኪ የሚባለውን አርባ ክፍል ያለውን የጦርነት ታሪክ በቃሉ እያነበነበ ከመኳንንት ቤት ገብቶ ይከበራል የሚል ወሬ ሰማ። አርባ ክፍል በቃል መያዝ ያስከብር እንደ ሆነ እኔም ይህን ማድረግ አያቅተኝም ብሎ ልቡ ተነሣሣ ይባላል። በ1760 እናቱ ሰፍታለት የነበረችውን የገንዘብ ከረጢት ይዞ ወደ ኤዶ ሄደ።

በዚያን ዘመን የጃፓን ዓይነ ስውሮች በመንግሥት የታወቀ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩም ከታች እስከ ላይ የተደራረበ ማዕረግ ነበረው፤ የላይኛው ሹም ኬንግዮ ይባላል። ማዕረጉን ለማግኘት ገንዘብ መክፈል ያስፈልግ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ሥራ ባለ ክር የዜማ ዕቃ መምታት፤ ገላ ማሸት፤ በቀጭን መርፌ እየወጉ በሽተኛ ማከምና ገንዘብ ማበደር ነበረ። ወጣቱ አሜቶሚ ከሚባል ኬንግዮ ቤት ገብቶ ይህን ሁሉ ሊማር ሞከረ። ነገር ግን ጣቶቹ ለዜማ ዕቃው አልታዘዙለትም፤ መርፌውንም ሆነ ማሸቱን አላወቀበትም። ከሁሉ ያነሰ ደቀ መዝሙር ሆነ። እጅግ አዝኖ ራሱን ሊገድል እስከ መሞከር ደረሰ፤ ነገር ግን ከሞት ተረፈ።

ከዚህ በኋላ ለመምህሩ እውነቱን ገለጠለት፤ ልቡ የሚወደው ትምህርትን ብቻ መሆኑን ነገረው። አሜቶሚም ማኅበሩ የማያውቀውን ነገር የጠየቀውን ልጅ አልገሠጸውም። ሦስት ዓመት ልመግብህና ተማር፤ በሦስት ዓመት ፍሬ ካልታየብህ ግን ወደ አገርህ እመልስሃለሁ አለው። ሀናዋ ኋላ ለደረሰበት ማዕረግ ሁሉ መጀመሪያው ይህ የአንድ መምህር ፈቃድ ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን ሀናዋ የሚለውንም ስም የወሰደው ከዚሁ ከመምህሩ ቤት ስም ነው።

የጃፓንን ቅኔ ከአንዱ መምህር፤ የጥንቱን ሕግ ከሌላው፤ የአገሩን የአምልኮ ሥርዓት ከሦስተኛው እየሄደ ተማረ። መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ባጣ ጊዜ የባለጠጎችን ገላ እያሸ በዋጋው ፈንታ መጽሐፍ እንዲያነቡለት ይለምን ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ የተነበበለትን ነገር ቃሉን ከነቦታው ይዞ ያስቀምጠዋል። በ1769 በዘመኑ ከሁሉ የበለጠው የጥንት ቋንቋ ሊቅ ካሞ ኖ ማቡቺ ደቀ መዝሙሩ እንዲሆን ተቀበለው፤ በእርሱም ዘንድ ስድስቱን የታሪክ መጻሕፍት ሰማ። ማቡቺ በዚያው ዓመት ስለ ሞተ ትምህርቱ ግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ሆነ፤ ነገር ግን ከ887 ወዲህ ያለው ታሪክ መጽሐፍ አልባ መሆኑን ሀናዋ የተረዳው ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው።

በ1779፤ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሆን፤ ለሥራው ተሳለ። ስለቱን ያቀረበው ጃፓኖች የትምህርት ጠባቂ አድርገው በሚያከብሩት በኪታኖ ቤተ መቅደስ ስም ነው። በየጊዜው አጭሩን የቡድሃ ሃይማኖት ጸሎት ደጋግሞ ሊያደርስ፤ በአገሩ የተበተኑትን ትንንሽ መጻሕፍትም ሰብስቦ በየወገናቸው ለይቶ ሊያሳትም ቃል ገባ። የስብስቡም ስም ጉንሾ ሩይጁ ተባለ፤ በየወገናቸው የተለዩ ብዙ መጻሕፍት ማለት ነው።

የሥራው አካሄድ እንደዚህ ነበር። ከመኳንንት ቤት፤ ከቤተ መቅደስና ከገዳማት ግምጃ ቤት የአንዱን መጽሐፍ ልዩ ልዩ ቅጂ በውሰት ያስመጣል። ደቀ መዛሙርቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ አንዱን ቅጂ፤ ሌላው ሌላውን ቅጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቅጂዎቹ በተለያዩበት ስፍራ እርሱ ቀድሞ በቃሉ ያጠናውን ሌላ መጽሐፍ ምስክር እየጠራ የትኛው ንባብ የቀና፤ የትኛው የገልባጭ ስሕተት እንደ ሆነ ይፈርዳል። ደቀ መዛሙርቱም ፍርዱን ይጽፋሉ። የጃፓንን ታላቅ ታሪክ ያስጽፉ የነበሩት የሚቶ መሳፍንት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በማስተያየት እንዲረዳቸው ይህንኑ ዓይነ ስውር ጠሩት፤ ዓይን ያላቸው ብዙ ሊቃውንት እያሏቸው እርሱን መምረጣቸው የዕውቀቱን ልክ ያስረዳል።

የተመረመረው ጽሑፍ ለማተም ወደ ቀራጮች ይሄዳል። በዚያን ጊዜ በጃፓን የሚታተመው ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ ነው። የተመረጠው እንጨት ቼሪ የሚባለው ዛፍ ነበረ፤ ሰሌዳውም በሁለቱም ወገን ይቀረጻል። በአንዱ ወገን ሃያ መስመር፤ በያንዳንዱ መስመር ሃያ ፊደል፤ በድምሩ አራት መቶ ፊደል ይገባል። ዛሬ ጃፓኖች የሚጽፉበት ባለ አራት መቶ ቤት ወረቀት መነሻው ይህ የሀናዋ ሰሌዳ ነው ይባላል። ለእንጨቱ፤ ለቀራጩ፤ ለወረቀቱና ለደቀ መዛሙርቱ ምግብ የሚሆነው ገንዘብ ብዙ ስለ ነበረ ሊቁ ዘመኑን በሙሉ በብድር ይጨነቅ ነበር።

በ1783 የኬንግዮን ማዕረግ አገኘ። በ1793 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን ያስተዳድር ለነበረው ለሾጉን መንግሥት አመልክቶ ዋጋኩ ኮዳንሾ የሚባል የአገር ትምህርት ጉባኤ ቤት በኤዶ ከተማ ተከለ። በዚያ ቤት መጻሕፍት ይሰበሰባሉ፤ ይመረመራሉ፤ ትምህርትም ይሰጣል። የጃፓን ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩት የነበረው አንድ ታሪክ የዚህ ጉባኤ ነው። አንድ ሌሊት ሊቁ የጌንጂን ታሪክ እያስተማረ ሳለ ነፋስ ገብቶ መብራቱን አጠፋው። እርሱም ይህን ስላላወቀ ትምህርቱን ቀጠለ። ደቀ መዛሙርቱ ተጨንቀው መብራቱ እስኪበራ እንዲቆያቸው ቢለምኑት፤ ለካ ዓይን ያለው ሰው ችግሩ ብዙ ነው ብሎ ቀለደባቸው ይባላል።

ጉንሾ ሩይጁ ከስለቱ ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ፈጅቶ በ1819 ተፈጸመ። በውስጡ 1,273 መጻሕፍት አሉ፤ በ25 ወገንም ተለይተዋል። መጀመሪያው ስለ አማልክት የሚናገረው ሲሆን፤ ከዚያም የነገሥታት፤ የሹመት፤ የትውልድ፤ የሥርዓተ መንግሥት፤ የልብስ፤ የቅኔ፤ የትረካ፤ የዕለት ማስታወሻ፤ የመንገድ፤ የጦርነትና የሌላውም ይከተላል። ስለ ኳስ ጨዋታ፤ በጭልፊት ስለ ማደንና ስለ መብል የተጻፉት ሳይቀሩ ቦታ አግኝተዋል። ሊቁ ይህ ክቡር ነው፤ ይህ ተራ ነው ብሎ አልጣለም፤ ትንሽ መስሎ የሚታየው ጽሑፍ ለሚመጣው ትውልድ ምን እንደሚያስረዳ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልምና። የተቀረጹት ሰሌዳዎች 17,244 ናቸው። በ1821 የዓይነ ስውሮች ማኅበር ሁሉ የበላይ ሆኖ ተሾመና በዚያው ዓመት አረፈ።

ሳይፈጸም የቀረው ሌላ ሥራ ግን ነበረው። ይኸውም ከ887 ወዲህ ያለውን የተቋረጠውን ታሪክ በየዓመቱና በየቀኑ ከጥንት ጽሑፍ እየለቀመ ማሰናዳት ነው። ይህንን ሥራና ጉባኤ ቤቱን አራተኛው ልጁ ሀናዋ ታዳቶሚ ወረሰ። ታዳቶሚ ዓይኖቹ ያዩ ነበር፤ እንደ አባቱም የመጻሕፍት ሰው ነበረ።

በልጁ ዘመን ግን አገሪቱ ታወከች። በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች መጥተው ለብዙ ዘመን ለባዕድ ተዘግቶ የኖረው አገር እንዲከፈት አስገደዱ። የሾጉኑ መንግሥት ከውጭ አገሮች ጋራ ውል በተዋዋለ ጊዜ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ እንቀናለን የሚሉ ወጣቶች ሾጉኑን እንደ ከዳተኛ ቈጥረው ሰይፍ መዘዙ። በዚህ መካከል የሾጉኑ ታላቅ ሹም አንዶ ኖቡማሳ ንጉሠ ነገሥቱን ኮሜይን ከዙፋን ለማውረድ አስቦ፤ በጥንት ዘመን ነገሥታት እንዴት ይወርዱ እንደ ነበረ ከመጻሕፍት እንዲያወጣለት ሀናዋ ታዳቶሚን አዘዘው የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ሐሰት ነበረ። ነገር ግን ሰውየው በእውነት የጥንት መጻሕፍት ሊቅ ስለ ነበረ ሐሰቱ እውነት መሰለ። በ1862 ሰዎች በሹሙ በአንዶ ላይ አደጋ ጥለው አቈሰሉት፤ ከዚያም ሰይፉ ወደ መጽሐፍ ሰው ዞረ።

በየካቲት ወር 1863 ታዳቶሚ የጃፓንን አጭር ቅኔ ከሚዘርፉበት ጉባኤ በሌሊት ሲመለስ ከቤቱ አጠገብ ሰዎች አድብተው በሰይፍ መቱትና ሞተ። ገዳዮቹ የቾሹ አገር ወጣቶች ኢቶ ሂሮቡሚና ያማዎ ዮዞ እንደ ሆኑ የጃፓን ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሁለቱም ከጥቂት ቀን በፊት በኤዶ የሚሠራውን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ቤት ካቃጠሉት መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት ግን እነዚሁ ሁለቱ የባዕድን ጥበብ ለመማር በስውር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ፤ አባርረው ሊያጠፉት የፈለጉትንም ለመማር እግሩ ሥር ተቀመጡ።

በ1868 የሾጉኑ መንግሥት ወድቆ በንጉሠ ነገሥቱ በሜይጂ ስም አዲስ መንግሥት ቆመ፤ የሀናዋም ጉባኤ ቤት ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት በ1869 አዲሱ መንግሥት የአገሩን ታሪክ ቢመለከት ከ887 ወዲህ የተጻፈ የመንግሥት ታሪክ እንደሌለው አየና የተቋረጠው እንዲቀጠል አዘዘ። ለዚህም ሥራ መሥሪያ ቤት የተከፈተው በዚያው በሀናዋ ጉባኤ ቤት ነው። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ ወደ ቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከ1901 ጀምሮ ከ887 የሚነሣው ትልቁ የታሪክ ምንጮች ስብስብ ክፍል በክፍል እየታተመ ይወጣል፤ እስከ ዛሬም አልተፈጸመም። ታዳቶሚ እጁ ላይ ይዞት የሞተው ሥራ ይህ ነበረ። የገደሉት ሰዎች ወገን መንግሥት በሆነ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈለገው ያው የሟቹ ሥራ ሆነ።

ገዳዮቹም ትልቅ ሰዎች ሆኑ። ኢቶ ሂሮቡሚ በ1885 የጃፓን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ፤ በ1889 የወጣውንም ሕገ መንግሥት ያረቀቀው እርሱ ነው። ይህ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያም ታሪክ ይነካል፤ በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአገራቸው የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲሰጡ፤ ረቂቁን ያሰናዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሌላው ይልቅ የተከተሉት ይህንኑ የጃፓንን ሕግ ነበርና። በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን የተላኩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ኢቶ ግን በ1909 በሃርቢን ከተማ በአንድ የኮርያ ሰው ጥይት ተመትቶ ሞተ።

የያማዎ ዮዞ መንገድ ሌላ ነው። እርሱ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ በመርከብ መሥሪያ ሲሠራ መስማትና መናገር የማይችሉ ሠራተኞች በእጅ ምልክት እየተነጋገሩ ሥራቸውን እንደ ማንም ሰው ሲሠሩ አየ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1871 ለዓይነ ስውሮችና መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት እንዲከፈት ለመንግሥት አመለከተ። በዚያው ዓመት የጥንቱ የዓይነ ስውሮች ማኅበር በአዋጅ ፈርሶ ስለ ነበረ፤ እንደ ሀናዋ ያለ ልጅ የሚጠጋበት ቤት አልነበረውም። በ1880 ያማዎ የደከመለት ትምህርት ቤት በቶክዮ ተከፈተ። የዓይነ ስውሩን ሊቅ ልጅ የገደለ እጅ ለዓይነ ስውሮች ልጆች ደጅ ከፈተ።

ሰሌዳዎቹም ከጉባኤ ቤቱ መዘጋት በኋላ ከግምጃ ቤት ወደ ግምጃ ቤት ተንከራተቱ። በ1909 የሀናዋ ዘር ከሌሎች ሊቃውንትና ለሀናዋ መንደር በሚቀርብ አገር ከተወለደው ከታላቁ ነጋዴ ከሺቡሳዋ ኤይቺ ጋራ ሆኖ ኦንኮ ጋካይ የሚባል ማኅበር አቋቋመ፤ ሰሌዳዎቹንም ሰበሰቡ። በ1923 የምድር መናወጥና እሳት ቶክዮን ሲያጠፋት ሰሌዳዎቹ ተረፉ። በ1927 እሳት የማይበላው ቤት በሺቡያ ተሠራላቸው። በ1945 ከአውሮፕላን በወረደው እሳት ከተማይቱ ዳግመኛ ስትነድ እነርሱ አሁንም ተረፉ። በ1957 መንግሥት የአገር ቅርስ ብሎ መዘገባቸው።

በ1937 ዓይነ ስውርና ደንቆሮ የሆነችው የአሜሪካይቱ ሊቅ ሔለን ኬለር ወደዚያ ቤት መጥታ የሀናዋን ምስል በጣቶችዋ ዳሰሰች። በሕፃንነትዋ እናትዋ የዚህን ጃፓናዊ ታሪክ እየነገረች ታጽናናት እንደ ነበረ በዚያ ተናገረች። አንድ የገበሬ ልጅ ከእናቱ ከረጢት በቀር ሳይዝ የጀመረው መንገድ ባሕር ተሻግሮ ለሌላ ሕፃን ምርኩዝ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም በዚያ ቤት ሰሌዳዎቹ በመደርደሪያ ላይ በየወገናቸው ተሰልፈው ቆመዋል። መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው በመጣ ጊዜ የቤቱ ሠራተኛ ሰሌዳውን አውርዶ ቀለም ይቀባዋል፤ ወረቀት ያለብሰዋል፤ በእጁ ያሸዋል፤ አራት መቶውም ፊደል በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያን የመጽሐፍ ሰው በሌሊት ያስገደለው ወሬ አንድ ዘመን እንኳ ሳይቆይ ሐሰትነቱ ታወቀ፤ አባቱ ሳያየው ያስቀረጸው ፊደል ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይነበባል።